የጠጣውን የማይመልስ ዕቃ

አዲስ ጎጆ የሚወጡ ባልና ሚስት የትኛውን የቤት ዕቃ አዲስ፣ የትኛውን ደግሞ ያገለገለ ቢገዙ ይሻላል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ የሃይማኖት ሕግጋት ስለ ዕቃ የደነገጉትን ለሚመረምር ሰው ግን ከዋጋው በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ ይገለጥለታል፤ ይኸውም ዕቃው በሌላ ሰው እጅ ሳለ የደረሰበትን ነገር ይዞ ይቀራል ወይስ ይለቀዋል የሚል ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መሠረት፣ ርኩስ በድን የወደቀበት የእንጨት ዕቃ፣ ልብስ፣ ቁርበት ወይም ከረጢት እስከ ማታ በውኃ ውስጥ ቆይቶ ይነጻል፤ የሸክላ ዕቃ ግን ይሰበራል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31 ደግሞ ከምርኮ የተገኘ ወርቅ፣ ብር፣ ናስ፣ ብረት፣ ቆርቆሮና እርሳስ በእሳት ካለፈና በማንጻት ውኃ ከነጻ በኋላ ለአገልግሎት ይበቃል። እንግዲህ ሕጉ ዕቃውን የሚለየው በዕድሜው ወይም በዋጋው ሳይሆን በተሠራበት ነገር ነው፤ ናስ የነካውን በላዩ ይይዛል፣ ሸክላ ግን የነካውን ይጠጣል። ይህ ድንጋጌ ስለ ቆሻሻ ብቻ የተነገረ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 6 መመልከት ይበቃዋል፤ በዚያ የኃጢአት መሥዋዕት ሥጋ የተቀቀለበት የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር፣ የናሱ ግን ተፈግፍጎ እንዲታጠብ ታዟል፤ መሥዋዕቱም ቅዱስ እንጂ ርኩስ አልነበረም። ስለዚህ ሸክላው የሚሰበረው ስለ ረከሰ ብቻ ሳይሆን፣ ቅድስናም ሆነ ርኵሰት፣ የጠጣውን መመለስ ስለማይችል ነው። የአንትሮፖሎጂ ምሁሯ ሜሪ ዳግላስ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ርኵሰትን ከቦታው ውጭ የተገኘ ነገር አድርጋ የተነተነችው ትንታኔ ለብዙ ሥርዓቶች ቢሠራም፣ አንድ ዓይነት ነገር የነካቸው ናስና ሸክላ ለምን የተለያየ ዕጣ እንደሚገጥማቸው ለማስረዳት ግን ብቻውን አይበቃም።

የአይሁድ መምህራን ይህን መነሻ ይዘው ሁለት ሥርዓቶችን ለይተዋል። የመጀመሪያው «ሐግዓላ» የሚባለው፣ ዕቃው በፈላ ውኃ የዋጠውን እንዲተፋ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ጥቢላ»፣ ማለትም ዕቃውን ለመንጻት በተዘጋጀ ውኃ ውስጥ ማጥለቅ ነው። አይሁዳዊ ካልሆነ ሰው የተገዛ የብረት ዕቃ ምግብ ፈጽሞ ያልነካው አዲስ ቢሆን እንኳ ጥቢላ ያስፈልገዋል፤ ያገለገለ ከሆነ ግን ሁለቱም ይፈጸሙበታል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ዕቃው ምን ጠጥቷል?» እና «ዕቃው የማን ነበር?» የሚሉት ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል። አዲስ ዕቃ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ግን አይመልስም፤ ከሱቅ የወጣ ዕቃም ቢሆን ከሰው እጅ የመጣ ነውና።

የእጅ ነገር ከተነሣ፣ በጎንደር አጠገብ በወለቃና በሌሎች መንደሮች ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ታሪክ ሁለቱን ጥያቄዎች አጣምሮ ይዟል። ሴቶቹ የሠሩትን ማሰሮ፣ ድስትና ምጣድ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ይሸጡ ነበር፤ ገዢዎቹ ሸክላ ሠሪን ቡዳ ነው እያሉ ይፈሩ ነበር፤ ሻጮቹም በበኩላቸው ከማኅበረሰባቸው ውጭ ካለ ሰው ጋር በተነካኩ ጊዜ በውኃ ይነጹ ነበር። እንዲህ በተፈራሩ ሰዎች መካከል አዲሱ ሸክላ ያለ ችግር ይሻገር የነበረው ገና ምንም ያልጠጣ ስለሆነ ይመስላል። በማኅበረሰቡ ውስጥም ፋሲካ ሲደርስ አሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብሮ በአዲስ የመተካት ልማድ ነበር፤ ሸክላ መሥራት ለሚያውቅ ቤት ይህ ልማድ የሚከብድ አይደለም፤ ሸክላን በገንዘብ ብቻ ለሚያገኝ ድሀ ግን የዚያን ያህል ቀላል ሊሆን አይችልም።

በእስልምናም አቡ ሠዕለባ አል-ኹሸኒ የመጽሐፉ ሰዎች በሚባሉት፣ ማለትም በአይሁድና በክርስቲያኖች ዕቃ ስለ መብላት ለጠየቁት ጥያቄ በሐዲስ የተላለፈው መልስ፣ ሌላ ዕቃ ከተገኘ ያን መተው፣ ካልተገኘ ግን አጥቦ መጠቀም እንደሚገባ ያስተምራል። አዲሱን ወይም ሌላውን መምረጥ ለቻለ ሰው የተሻለ መሆኑን ይህ መልስ አይክድም፤ ነገር ግን ያልቻለውን ሰው በደለኛ አያደርገውም።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ አዲስ ነገር ሁልጊዜ የበለጠ ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኤልሳዕ የኢያሪኮን ውኃ ለመፈወስ አዲስ ማሰሮ አስመጥቷል፤ ይሁንና በዚያው ታሪክ ጥቂት ቀደም ብሎ ከኤልያስ የወደቀውን መጎናጸፊያ አንሥቶ ዮርዳኖስን በእርሱ የመታው፣ ልብሱ የሌላ ሰው ስለነበረ እንጂ አዲስ ስለሆነ አይደለም። አዲሱ ማሰሮ የተፈለገው ያለፈ ታሪክ ስለሌለው ነው፤ መጎናጸፊያው የተፈለገው ግን ያለፈ ታሪክ ስላለው ነው።

ይህ መመዘኛ በዛሬው ቤት ላይ ሲውል መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሸጥ ብረት ድስት፣ ሙቀጫ ወይም የእንጨት ወንበር በአመድና በውኃ ታጥቦ የሚነጻ ስለሆነ፣ በመጸየፍ ብቻ አልገዛም የሚል ሰው መጸየፉን ንጽሕና ብሎ ባይጠራው ይሻላል። ላብና ሕመም የጠጣ የስፖንጅ ፍራሽ ግን በባሕርዩ ከሸክላው ወገን ነው። ለዓይን የማይታይ ስብራት ሊይዙ የሚችሉት ዕቃዎች፣ ለምሳሌ የሞተር ብስክሌት የራስ ቁርና የሕፃን የመኪና መቀመጫ፣ አንድ ጊዜ ብርቱ ምት ከደረሰባቸው በኋላ ላያቸው ደህና መስሎ ውስጣቸው ሊዳከም ይችላል፤ በመቀመጫው ረገድ ደግሞ የጉዳቱ ተሸካሚ የገዛው ወላጅ ሳይሆን ያልመረጠው ሕፃን በመሆኑ፣ ታሪኩ ያልታወቀ መቀመጫ በርካሽ መግዛት ቁጠባ ከመባል ይልቅ በሌላ ሰው ላይ መወራረድ መባል ይገባዋል።

እዚህ ላይ የሻጩ ግዴታ ይመጣል፤ የዕቃውን ያለፈ ታሪክ የሚያውቀው እርሱ ነውና። የእስልምና ሕግ ጉድለቱ ተሸሽጎበት ዕቃ ለገዛ ሰው ውሉን የማፍረስ መብት ይሰጠዋል፤ ይህም «ኺያር አል-ዐይብ» ይባላል። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቅን ልቡና የገዛን ሰው በመሠረቱ ባለቤት እንዲሆን ሲያደርግ፣ የተሰረቀን ዕቃ ግን ለይቶ ለቀድሞው ባለቤት የመጠየቅ መብት ጠብቆለታል። ስለዚህ ከምናለሽ ተራ የተገዛ ብረት ድስት ከነካው ወጥ ቢነጻም ከተሰረቀበት ቤት ላይነጻ ይችላል፤ ይህን የሚያጥብ ውኃም የለም።

አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝታ የገባች ሴት በማግሥቱ እንጀራ አትጋግርበትም፤ አስቀድማ በተወቀጠ የጎመን ዘር ደጋግማ እያሸች በእሳት ታሟሸዋለች፤ ምክንያቱም ምንም ያልጠጣ ምጣድ ሊጡን ይይዛል እንጂ አይለቅም። ጎረቤቷ የምትሸጥላት የሟሸ ምጣድ ከዚህ ድካም ያሳርፋታል፤ ምን እንደጠጣ ግን የምታውቀው ጎረቤቷ ብቻ ናት።