በእውነተኛ ቁጥር መዋሸት

ሰው እውነት ብቻ እየተናገረ መዋሸት ይችላል ወይ? ይችላል ባይ ነኝ። ማስረጃዬን የማመጣው ከቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ ከጨዋታ ይሰፋል።

እ.ኤ.አ. በ1991 አክቲቭ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «አክሽን 52» የሚል ካርትሪጅ ለኒንቴንዶ መጫወቻ አወጣ። በውስጡ 52 ጨዋታ፤ ዋጋው 199 ዶላር። ሲካፈል አንዱ ጨዋታ 4 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ ለገዢውም የተነገረው ይኸው ነበር። እውነትም ርካሽ! ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው ግን አብዛኛው በጥድፊያ የተለበጠ፣ አንዳንዱም መሐል ላይ ቀጥ የሚል ሆነ። ይባስ ብሎ፣ ከ52ቱ አንዱን እስከ 5ኛው ደረጃ ለጨረሰ 104,000 ዶላር የሚያስገኝ ውድድር ታውጆ ነበር፤ ጨዋታው ግን እዚያ ሳይደርስ ይቆማል።

እንግዲህ ሽልማቱን እንተወውና ዋጋውን ብቻ እንመርምር። 52 መባሉ ልክ ነው፤ 199ም ልክ ነው። ታዲያ ውሸቱ የት ገባ? በማካፈሉ ውስጥ ነው። አካፍሎ ማሳየት ዝም ብሎ ሒሳብ አይደለም፤ «ሁሉም እኩል ይረባሉ» ብሎ መናገር ነው። ሻጩ ይህን በአፉ አላለም፤ ገዢው ራሱ እንዲለው አደረገ እንጂ።

ዛሬ ካርትሪጁ ቀርቶ ጨዋታ በኢንተርኔት በጥቅል ይሸጣል። የያንዳንዱ ዋጋ ይደመርና ድምሩ ይሰረዛል፤ ከጎኑ «90 በመቶ ቅናሽ» ይጻፋል። ለመሆኑ ያን የተሰረዘ ቁጥር ማን ከፍሎት ያውቃል? ማንም ካልከፈለው ዋጋ ሳይሆን ምኞት ነው። ደግሞም «ሊያልቅ 2 ሰዓት ቀረው» የሚል ሰዓት ይቆጥራል። እንዴ! የኮምፒዩተር ቅጂ እንደ ጤፍ አያልቅ፤ የሚያልቀው የገዢው ማሰቢያ ጊዜ ነው።

«ማን አስገደደው? ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ርካሽ ሲባል የምንሮጥ እኛም ከነገሩ ንጹሕ አይደለንም። ነገር ግን ልብ የሚፈርደው ዓይን ካየ ነው፤ ጥቅል የሚያሳየው ቁጥሩን እንጂ ዕቃውን አይደለም። የገዢው ስስትም የሻጩን ዕዳ አይሰርዝለትም።

ሕግም ዝም አላለም። በአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ ቅናሽ የሚያውጅ ነጋዴ ቢያንስ ባለፉት 30 ቀናት የጠየቀውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ ይገደዳል። መልካም ነው፤ ዛሬ ቀነስኩ ለማለት ትናንት የሚጨምረውን ይይዛል። ሆኖም ሕጉ የሚጠይቀው የትናንቱን ዋጋ ነው፤ ከ52ቱ ስንቱ ይረባል ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ የውሸት መለኪያው ቃሉ ብቻ አይመስለኝም። ተናጋሪው ሰሚው ምን እንዲያምን ፈለገ? ያስ ነገር እውነት ነው? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ለገዢው አጭር ፈተና አለ፤ ከጥቅሉ የምፈልገውን ብቻ በዚህ ዋጋ ቢሸጡልኝ እገዛው ነበር ወይ? ለሻጩ ያለው ፈተና ግን ይከብዳል፤ ገዢው እኔ የማውቀውን ቢያውቅ ይገዛ ነበር ወይ? ከመካከላችን ነገ ማስታወቂያ የሚጽፍ፣ ያንንም ሰዓት በፕሮግራም የሚያስቆጥር ይኖራል። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ከደመወዙ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።