ወቃሽ በተሾመ ጊዜ

በአደባባይ ዳር ቆሞ ሹምን መውቀስ አንድ ሥራ ነው፤ ሹም ሆኖ በአደባባይ መቀመጥ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የፊተኛው ድፍረትን፥ የኋለኛው ትዕግሥትን ይጠይቃል። ዳሩ ግን አንድ ሰው ከፊተኛው ወደ ኋለኛው በተሻገረ ጊዜ፥ ትናንት በሌላው ላይ የተናገረው ቃል ዛሬ በራሱ ላይ ይፈርድበታልን? ወይስ ሹመቱ ቃሉን ይሽርለታል? ይህ ጥያቄ ስለ አገሩ የሚያስበውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ስለ ሆነ፥ አንባቢ ሆይ፥ ከአገራችን ታሪክ ምሳሌ ወስደን እንመርምረው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዛሬ ሰሜን ሸዋ በሚባለው አገር በሲያደብር በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ በ1888 ዓ.ም. ከራስ መኰንን ጋራ ዓድዋ ዘመቱ፤ ከዚያም ወደ ሩስያ ሄደው የመድፍ ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ያዩት የአስተዳደር ጉድለት ዝም አላሰኛቸውም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን፥ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ቴአትር ጽፈው አሳዩ። በመድረኩ ላይ የሚነጋገሩት አውሬዎች ቢሆኑም፥ የሚነቀፉት የቤተ መንግሥት ሰዎች መሆናቸውን ተመልካቹ አልሳተውም። ስለዚህም ቴአትሩ ተከለከለ።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ ጊዜ ግን ያው ወቃሽ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ የኢትዮጵያንም የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተሰጠው ይህ ሕግ 55 አንቀጾች ነበሩት፤ ምሳሌውም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ዘውዱ የአንኮበሩ ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ተወላጅ በሆኑት በንጉሠ ነገሥቱ ዘር ጸንቶ እንዲኖር ደነገገ፤ ሁለት ምክር ቤቶችንም አቆመ፤ ዋናው ሥልጣን ግን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ቀረ።

የጥያቄያችን እሾህ ያለው ከዚህ ላይ ነው። የጃፓኑ ሕግ ሕዝቡ በሕግ ወሰን ውስጥ የመናገርና የመጻፍ ነፃነት እንዳለው ይናገራል። የኢትዮጵያው ሕግ ግን ቤት እንዲከበር፥ ደብዳቤ እንዳይከፈት፥ ሰውም ለመንግሥት አቤት ማለት እንዲችል ሲደነግግ፥ ስለ መናገርና ስለ መጻፍ ነፃነት አንቀጽ አላኖረም። ቴአትራቸው የተዘጋባቸው ሰው ያረቀቁት ሕግ፥ ለሚቀጥለው ቴአትር በር አላበጀለትም ማለት ነው።

እንግዲህ ቃላቸውን ከዱ እንበልን? ለፍርድ የሚቸኵል ሰው እንዲህ ይል ይሆናል። ነገር ግን አርቃቂ ማለት አዋጅ አስነጋሪ ማለት አይደለም፤ ብዕሩ በእጁ ቢሆንም ውሳኔው በሌላ እጅ ነው። ደግሞም «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር፥ ሕግ በምን መንገድ እንደሚወጣ በጽሕፈት ማኖር ቀላል ነገር አልነበረም። የተጻፈ ነገር ይታረማልና፥ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመናገርንና የጋዜጣን ነፃነት በሕጉ መሠረት ብሎ ጻፈ። በወረቀት ላይ መጻፉ በሥራ ከመዋሉ ጋራ አንድ ባይሆንም፥ ሊታረም የሚችል ጽሑፍ ማስቀመጥ ራሱ አንድ አገልግሎት ነው።

ከሥልጣን ውጭ የቀሩትንም እንመልከት። የዩክሬኑ ቪያቼስላቭ ቾርኖቪል በሶቪየት ዘመን በጸሐፊዎች ላይ ስለ ተፈረደው ፍርድ በመጻፋቸው ታሰሩ፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1991 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ሁለተኛ ወጡ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 1999 ድረስም በተቃዋሚነት ቆዩ። በአገራችንም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1984 ዓ.ም. የሰብአዊ መብት ጉባኤን ከመሠረቱ በኋላ፥ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከቅንጅት ጋራ ወደ ፖለቲካ ገቡ፤ ታሰሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ስለ አገር ጉዳይ መጻፍን አልተዉም። እነዚህ የአገራቸውን ከፍተኛ ሥልጣን ስላልያዙ አንደበታቸው አልታሰረም፤ ዳሩ ግን ዋናው ውሳኔ በሌሎች እጅ ቀረ።

ስለዚህ መግባት ብቻውን ነውር፥ ውጭ መቅረትም ብቻውን ጽድቅ አይደለም። የተሾመው ወቃሽ የሚመዘነው ከሹመቱ በኋላ እርሱን ለሚወቅሰው ሰው ባኖረው ቦታ ነው። አንደበት መዘጋት ምን ያህል እንደሚያም ከርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለምና፥ ዕዳውም ከሌላው ሹም ዕዳ ይበልጣል። በዚህ ሚዛን የ1923ቱ ሕግ ጐድሎ ይገኛል፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ግን የሕይወት ታሪካቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈው ስለ ተዉልን፥ ሥራቸውን ለትውልድ ፍርድ አቅርበዋል።

የቀረው ዕዳ የእኛ የተመልካቾቹ ነው። ወቃሹን በአደባባይ እናመሰግናለን፤ በተሾመ ማግሥት ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» እያልን ከደጁ እንሰለፋለን። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር፥ ዘመዱ የተሾመለት ሰው «ለእኛ ምን አመጣ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ትናንት ያለውን ዛሬም ይላልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ያ ሹም ቃሉን ለመጠበቅ አንድ ረዳት አገኘ ማለት ነው።