አሞሌው ምን ገዛ?

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ዋግ ኽምራ ሄጄ አምደወርቅ ላይ አንድ የቀድሞ ጨው ነጋዴ ቤት በእንግድነት አድሬ ነበር። ሐጂ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የዘለለ፣ አባታቸውም አያታቸውም በጨው ንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። ከእራት በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው አሳዩኝ። አሞሌ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ መልኩ አመድ መስሏል። «አባቴ ከሰቆጣ ገበያ ገዝቶ፣ በአህያ ጭኖ እስከ በለሳ ያደርሰው ነበር። የተሰበረውን እንደ ሙሉ አድርጎ ለማንም አልሸጠም። የሰው ሐቅ ሳይበላ ነው የሞተው» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ከበለሳ ወዲያስ ወዴት ይሄድ ነበር?» አልኳቸው።

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ ልጄ? ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚያየው አላህ ነው» አሉ።

ይህ መልስ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ከአእምሮዬ አልወጣም። ለመሆኑ የነጋዴ ኃላፊነት ከየት ይጀምራል? የትስ ያበቃል? ሚዛን ካላጎደለ፣ የዕቃውን ነውር ካልደበቀ፣ ከእርሱ በፊትና ከእርሱ በኋላ በተሠራው አይጠየቅምን?

ጥያቄው ከገንዘብም ከፊደልም የቆየ ነው። ብረት ሳይታወቅ በፊት የሰው ልጅ ምላጩ ባልጩት ነበር። በግሪክ ባሕር ከምትገኘው ከሚሎስ ደሴት የወጣ ባልጩት ከ10,000 ዓመታት በፊት ባሕር ተሻግሮ ፍራንክቲ በተባለው ዋሻ ተገኝቷል። በሩቅ ምሥራቅ ደግሞ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት ከኒው ብሪተን ደሴት ወደ ኒው አየርላንድ ይሻገር ነበር። በእኛም በኩል ከአፍሪካ ቀንድ የወጣ ባልጩት ፈርዖኖች ከመንገሣቸው በፊት በተቆፈሩ የግብፅ መቃብሮችና በየመን ጠረፍ ተገኝቷል። ብዙውን ጊዜ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የተጓዘ ሰው አልነበረም፤ አንዱ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ እየሰጠ ነው ድንጋዩ የደረሰው። ይሁንና እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ በባልጩቱ ውስጥ የራሱን ምልክት ስለሚተው፣ ሊቃውንት ስባሪውን መርምረው ከየት እንደ ወጣ ያውቃሉ። ባልጩት ስለ ራሱ ይመሰክራል። ጨው ግን ይሟሟል።

የዋግ ሰው አገው ነው፤ አገው ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ በጊዜ ተነሥቷል። በ6ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ እንደ ጻፈው፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል ወርቅ ወደሚገኝበት ሳሱ ወደሚባል አገር ሰዎች ይልክ ነበር። ከ500 በላይ ነጋዴዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾህ አጥር ላይ ያኖራሉ፤ የአገሩ ሰው መጥቶ ከወደደው ዕቃ አጠገብ ወርቁን ያስቀምጣል። የዕቃው ባለቤት ወርቁ በቂ ከመሰለው ያነሣዋል፤ ካልመሰለው ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ያኛው ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አንድ ቃል አይነጋገሩም፤ ግን አንዱ የሌላውን ሰርቆ አይሮጥም። እኛ ዛሬ ውል ተፈራርመን፣ ዳኛ ፊት ቆመን እንኳ ይህን ያህል አንተማመንም!

ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለዚሁ ጨው ጽፏል። ከሚቆረጥበት ቦታ 120 ወይም 130 አሞሌ በአንድ ድሪም ወርቅ ይሸጣል፤ ከገበያ ገበያ እየተወደደ ሄዶ የንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ለዚያው ወርቅ ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ይበቃል። እስከዚህ ድረስ የሚያስነውር ነገር የለም። በአፋር በረሃ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ቦታ የተቆረጠ ጨው ደጋ እስኪወጣ ሰውም ግመልም ያልቃል፤ ድካም ዋጋ አለው። ነገር ግን አልቫሬዝ ቀጥሎ የሰማውን ይናገራል፦ ዳሞት ሲደርሱ ጥሩ ባሪያ በሦስት ወይም በአራት አሞሌ ይገኛል፤ ባሮቹ የሚመጡበት አገር ሲደረስ ደግሞ አንድ አሞሌ አንድ ሰው ይገዛል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚህ መንገድ ላይ የነበረው እያንዳንዱ ነጋዴ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል። ቆራጩ በትክክል ቆርጧል፣ ጫኙ በአማና አድርሷል፣ የሰቆጣው ገበያተኛ ሰባራውን ለይቶ ሸጧል። ሆኖም በመጨረሻ አንዲት የጨው ቁራጭ አንድ ነፍስ ገዛች። በዚህ ገበያ የእኛም አባቶች ነበሩበት፤ የሩቁ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ እንደነበር በኩራት የምንናገር ሰዎች፣ የባሪያው ንግድ ሲነሣ ዝም ማለታችን ፍትሕ አይደለም። ገዢው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበር ብሎ ማካፈል ዕዳውን አያቀልልንም። ነፃ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላን ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ እንደሚሟገተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናልና።

ሪባን በሚመለከተው ሐዲስ ከተጠቀሱት ስድስት ነገሮች አንዱ ጨው ነው፤ ከወርቅ፣ ከብር፣ ከስንዴ፣ ከገብስና ከተምር ጋር። በጨው የተለዋወጠ ሰው በእኩል መጠን፣ እጅ በእጅ ሊያደርግ ታዟል። የሐጂ አባት ይህን ጠብቀዋል። ግን ስለ ጨው ሌላም ዘገባ አለ። አብየድ ኢብኑ ሐማል የተባሉት ሶሓባ የማእሪብን የጨው ቦታ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀው ተሰጣቸው። ከዚያ ከነበሩት አንዱ የሰጧቸው ነገር እንደማይነጥፍ ውኃ ያለ መሆኑን ሲነግሯቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መልሰው ወሰዱት። የሕግ ሊቃውንት ከዚህ የጋራ ሀብት ለአንድ ሰው እንደማይሰጥ ያወጣሉ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው፤ ስጦታው ከተፈጸመ በኋላ፣ የነገሩ ምንነት ሲታወቅ፣ ውሉ አልቋል አልተባለም።

እንግዲህ የማያውቅ ሰው አይጠየቅም ብንል፣ ማወቅ እየቻለ ያልጠየቀውስ? ሐጂን በዚህ ልወቅሳቸው አልደፍርም። እኔ ራሴ ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ሞባይል በግማሽ ዋጋ ገዝቻለሁ። ደረሰኝም ካርቶንም አልነበረውም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዋጋውን ጥሬ ሰጠሁ፣ እጅ በእጅ፣ ተመራርቀን ተለያየን። ከአምደወርቅ በተመለስኩ በሳምንቱ ለሸጠልኝ ልጅ ደውዬ ስልኩን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

«እኔም ከሰው ነው የገዛሁት» አለኝ።