ለልጅ መጻፍ፤ ለምን? ለማንስ?

ለሕፃናት መጽሐፍ የሚደርስን ሰው «ለምን ትጽፋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልስ ያገኛል፤ «ለማስተማር» የሚል። መልሱ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። መጽሐፉን የሚመርጠው ወላጅ ነው፤ የሚገዛው ትምህርት ቤት ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ድርጅት ነው። ሕፃኑ ገንዘብ አይከፍልም፤ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያሞግስም፤ አይከስም። ታዲያ ጸሐፊው የሚጽፈው ለሚከፍለው ነው ወይስ ለሚያነበው? ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ለሚያምን ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ራሱን ችሎ መብቱን ለማይጠይቅ ወገን የሚሠራ ሥራ አማና ነውና።

ነገሩን ወደ ላስታ ወስደን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ታተመ። አንባቢ አያምነኝም ብሎ በመስጋቱ ብዙ ከማብራራት እንደተቆጠበ ራሱ ገልጿል። ከእርሱ ወዲህ፣ በተለይም 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ በኋላ፣ ስለ ቦታው የተጻፈው ተቆጥሮ አያልቅም። አብዛኛው ግን ለጎብኚና ለተመራማሪ የተጻፈ ነው። እዚያው ለሚያድገው ልጅ፣ በቋንቋው፣ በዕድሜው ልክ የተጻፈለት ስንት ነው? ስለ አንድ አገር መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ለዚያ አገር ልጅ መጻፍ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ክፍተቱ የላስታ ብቻ አይደለም። በነገሌ ቦረና የተወለዱት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጪ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር። በኋላም ተሰደው አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ፣ የብዙ አገር ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ ሲያገኙ ለኢትዮጵያውያን ሕፃናት የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ አጡ። ይህ ነገር ስላሳሰባቸው እ.ኤ.አ. በ2002 «ማሞ ቂሎ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሾላ ሠፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ወደ ልጆች እንዲሄዱ አደረጉ። መነሻቸው ለልጆቹ በቋንቋቸው የሚሆን መጽሐፍ መታጣቱ ነበር። ከዚህ የጠራ ምክንያት ማግኘት ያስቸግራል።

ውድ አንባቢያን፣ የመረጡትንም ተረት ልብ በሉልኝ። ማሞ ቂሎ እናቱ ትናንት የመከረችውን ምክር ዛሬ ለማይሆን ነገር እያዋለ የሚሳሳት ልጅ ነው። ምክሩ ልክ ነው፤ እናቱም አልዋሸችም። የጎደለው ማስተዋል ነው። እንግዲህ ምክር ብቻ የታጨቀበት የሕፃናት መጽሐፍ የሚያፈራው ማንን ነው? ማሞ ቂሎን አይደለምን? በዚህ ተረት የሚስቅ ልጅ ግን በሳቁ ውስጥ መመዘንን ይለምዳል። ማንም «እንዲህ አድርግ» ሳይለው ስህተቱን ለይቶ ያውቀዋል። «ላስተምር» ብሎ የተነሳ ጸሐፊ ደስታን እንደ ማባበያ ስኳር ሲያያት ይሳሳታል፤ ለልጅ የማስተዋል በሯ እርሷ ናትና።

አንዳንድ ወንድሞች «ተረት ውሸት ነው፤ ልጅን በውሸት ማሳደግ አይገባም» ይላሉ። ሐሳባቸው ከቅንነት የመነጨ ስለሆነ በአክብሮት መልስ ሊሰጠው ይገባል። ውሸት ማለት አድማጭን እውነት ነው ብሎ ማታለል ነው። የእኛ ተረት ነጋሪ ግን ገና ሲጀምር «ተረት ተረት» ብሎ ያስታውቃል፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው አውቀው ይቀበላሉ። ይህ ግልጽ ውል ነው። ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል፤ የጠየቀው ደመወዝ ቁራሽ ዳቦ ነው። ውሸታሙ መጽሐፍ ሌላ ነው፤ እርሱም ልጁ በዓይኑ ያየውን እንዳልነበረ አድርጎ የሚያልፍ ነው።

የላስታ ልጅ ደግሞ ብዙ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላሊበላ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም ተኩስ ሲሰማባት፣ ሕፃናቱ እዚያው ነበሩ። እንዲህ ላለ ልጅ ዓለም ሁሉ አበባ ናት ብሎ መጻፍ እርሱን መናቅ ነው። በሌላ በኩል ሐዘኑን ብቻ እየቆጠሩ መጻፍም ልጅነቱን መንጠቅ ነው። ይልቁንም ፍርሃት እንዳለ ያልካደ፣ ነገር ግን በፍርሃት ያላበቃ ታሪክ ያስፈልገዋል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ያሉት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ፣ የቅዳሜው ገበያ፣ እህል የጫነችው አህያ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ልጅ አብረው የሚያግዱት በግ፣ እነዚህ ሁሉ ጸሐፊ የሚጠብቁ ናቸው። ልጁ የሚያውቀውን ነገር በመጽሐፍ ውስጥ ሲያገኝ «ይህ እኮ የእኛ አገር ነው!» ይላል። ጸሐፊው ከተሳሳተም ሳይራራ ያርመዋል።

የዚህ ሥራ ደስታ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሕፃን ሽንገላ አያውቅም። ካልጣመው መጽሐፉን ትቶ ወደ ጨዋታው ይሄዳል፤ ከጣመው «ድገመው» ይላል። ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት የነገሩት ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያለቀሰላቸው «አባባ ተስፋዬ» ብሎ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ ለጸሐፊ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ለልጆች ለመጻፍ ብዕር ያነሳ ሰው አስቀድሞ ኒያውን ይመርምር። የሚያየው የሚከፍለውን ሰው ፊት ከሆነ ብዕሩን ለጊዜው ያስቀምጥ፤ የልጁን ፊት ካየ ግን በአላህ ስም ይጀምር። ወላጆችም መጽሐፍ ሲገዙ «ምን ይመክራል?» ብለው ከጠየቁ በኋላ «ልጄ ድገሙልኝ ይላልን?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ሲረሳ የመጀመሪያውም ከንቱ ሆኖ ይቀራል።