የማልኮስ ዘመድ



ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት በወርቃ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ አንድ የቤተሰብ አባት ወደ እኛ ቀርቦ፣ «አባ፣ ጀንፈሌን ሸጬ ቤቴን ቆርቆሮ ላለብስ አስቤ ነበር። አሁን ግን ቆርቆሮው ይቆይና መሣሪያ ብገዛበት ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» ሲል ጠየቀን። ይህ ሰው ጠበኛ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ቤቱ ተቃጥሎበት ልጆቹን ይዞ የተሰደደ፣ ተመልሶም ከባዶ መሬት የጀመረ ነው። በዕለቱ አጥጋቢ መልስ አልሰጠነውም። ተመሳሳይ ጥያቄ በየጸሎት ቤቱ እንደሚነሣ ካቴኪስቶቻችን ስለ ነገሩን፣ ጉዳዩን በዚህ ጽሑፍ ከእናንተ ጋር ልንመለከተው ወደድን።

ጠመንጃ በየአገሩ ያው ብረት ነው፤ የሚመለከቱት ዓይኖች ግን ይለያያሉ። በአሜሪካ መሣሪያ መያዝ እ.ኤ.አ. በ1791 በሕገ መንግሥቱ ላይ በተጨመረ አንቀጽ የተረጋገጠ የዜጋ መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒውታውን ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች በተገደሉ ጊዜ እንኳ አገሪቱ በአንድ ሐሳብ መስማማት አልቻለችም። በብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1996 በደንብሌን 16 ሕፃናትና መምህርታቸው ከተገደሉ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በግለሰብ እጅ የሚገኝ ሽጉጥ ሁሉ ለማለት በሚያስችል ደረጃ በሕግ ታገደ። አውስትራሊያም በዚያው በ1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ካለቁ በኋላ ከ600,000 የሚበልጡ ጠመንጃዎችን ከሕዝቡ ገዝታ አጠፋች። ብራዚል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የመሣሪያ ሽያጭ ይከልከል ወይስ አይከልከል ብላ ሕዝቧን ጠየቀች፤ ከመራጮቹ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት አይከልከል አሉ። ብራዚላውያን ደም ስለ ወደዱ ይህን አደረጉ ብለን አናምንም። ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ማን ይደርስልኛል ብሎ የሚጨነቅ ሰው በእጁ ያለውን መሣሪያ በቀላሉ አይሰጥም። የወርቃው ሰው ጥያቄም ከዚሁ የራቀ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአንድ ምድር ላይ እንኳ አመለካከቱ አንድ አይደለም። በሰሜኑ ገጠር ጠመንጃ የወንድ ልጅ ክብር ነው፤ በሠርግና በለቅሶ ይታያል፤ ፉከራውና ቀረርቶውም ያለ እርሱ አይደምቅም። በጌዴኦ ምድር ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የመጣው ባለነፍጥ መጠሪያውን ያገኘው ከያዘው ብረት ነው፤ ገበሬው ደግሞ የእርሱ ገባር ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ በተነሡ ጊዜ፣ በሚጪሌ ጦር ይዘው ጠመንጃ ከታጠቀ ኃይል ጋር ተጋጠሙ፤ ብዙዎችም ወደቁ። ስለዚህ ለአረጋውያኑ ነፍጥ ሌላው በእነርሱ ላይ የሚይዘው ነገር ነበር። ወጣቱ ግን ከዚሁ ታሪክ ተነሥቶ፣ «ያን ጊዜ እኛም ቢኖረን ኖሮ» ይላል። ቁጭቱ ይገባናል፤ በመደምደሚያው ግን አንስማማም።

በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያና በሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተከሠተው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከቤታቸው እንደ ተፈናቀሉ ታስታውሳላችሁ። የተፈናቀሉት ከሁለቱም ወገን ነበሩ፤ ይህን መርሳት አይገባንም። ያን ያህል ጥፋት ያደረሰውም ጥይት ብቻ አልነበረም፤ ክብሪትና ገጀራም ነበሩ። እንግዲህ መሣሪያን መቆጣጠር ብቻውን ቂምን አይነቅልም። ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን መከልከሉ ተገቢ ነው፤ ክርስቲያንም ሊያከብረው ይገባል። በድብቅ የሚሸጥ ነጋዴ ወገን የለውም፤ ዛሬ ለእኛ የሸጠ ነገ ለጎረቤታችን ይሸጣል። በሁለቱ መካከል የሚያተርፈው እርሱ ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ራስን መከላከልን አታወግዝም። የሌሎች ሕይወት በኃላፊነት ለተሰጠው ሰው መከላከል ከባድ ግዴታ ሊሆን እንደሚችል ትምህርተ ክርስቶሳችን በቁጥር 2265 ያስተምራል። በቁጥር 2316 ደግሞ የመሣሪያን ምርትና ንግድ መቆጣጠር የመንግሥታት መብትና ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያነቡ አንዱን ብቻ መጥቀስ ምእመኑን ማሳሳት ነው።

አሁን ወደ ጌቴሴማኒ እንሂድ። አራቱም ወንጌላውያን በዚያች ሌሊት ሰይፍ እንደ ተመዘዘና የሊቀ ካህናቱ አገልጋይ ጆሮ እንደ ተቆረጠ ይተርካሉ። የመዘዘው ጴጥሮስ፣ የተቆረጠበትም ማልኮስ መሆኑን የሚነግረን ዮሐንስ ነው፤ ጌታ ጆሮውን ዳስሶ እንደ ፈወሰው የጻፈው ደግሞ ሉቃስ ብቻ ነው። ጴጥሮስ ክፉ አላሰበም። የሚወደውን ሊከላከል ፈለገ፤ እንደ ወርቃው አባት። ነገር ግን ዮሐንስ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በምዕራፍ 18 ቁጥር 26፣ ብዙ ጊዜ አንብበን የምናልፈውን ነገር ያክላል። ጴጥሮስ በግቢው ውስጥ እሳት ሲሞቅ ቆይቶ፣ በአትክልቱ ስፍራ አይቼህ አልነበረምን ብሎ የጠየቀው ጆሮው የተቆረጠው ሰው ዘመድ ነው። ሦስተኛው ክህደት የመጣው በዚህ ሰው ፊት ነው።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። ጴጥሮስ ሰይፉን ሲመዝ በፊቱ የነበረው አንድ ማልኮስ ነበር፤ ከመዘዘ በኋላ ግን ማልኮስ ዘመድ እንዳለው ታወቀ። ጆሮው በጌታ እጅ ተፈውሷል፤ ዘመዱ ግን አልረሳም። ሊከላከልበት የያዘው ሰይፍ ጴጥሮስን የበለጠ እንዲፈራ አደረገው፤ ጌታውን እስከ መካድም አደረሰው። ቡና ሸጦ ክላሽ የሚገዛ ሰው ዋጋውን አስልቷል፤ የጥይቱንም ምናልባት አስልቶ ይሆናል። የማልኮስን ዘመድ ግን በሒሳቡ ውስጥ አላስገባም።

ከዚህ አዙሪት የመውጣት ሙከራ በአፍሪካችን ታይቷል። ሞዛምቢክ የረጅም ዓመታት ጦርነቷን እ.ኤ.አ. በ1992 በሮም፣ በቅዱስ ኤጂድዮ ማኅበር ሸምጋይነት ከጨረሰች በኋላ መሣሪያው በየጎጆው ተቀብሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1995 የአገሪቱ የክርስቲያን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት፣ በአንግሊካኑ ጳጳስ በዲኒስ ሴንጉላኔ አነሣሽነት፣ መሣሪያ ለሚያስረክቡ ሰዎች ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪናና የእርሻ መሣሪያ መስጠት ጀመረ። አንድ መንደር በሙሉ መሣሪያውን ሰጥቶ ትራክተር ተቀብሏል። በኢሳይያስ ምዕራፍ 2 የተነገረውን ትንቢት ለቃል ያህል ብቻ ሳይሆን በዕቃ ፈጸሙት። ሰዎቹ ግን መሣሪያውን ያመጡት እርቁ ከወረደ በኋላ መሆኑን አስተውሉ።

እኛ ዘንድም አባቶች በጌዴኦና በጉጂ መካከል ደም ሲፈስ የሚፈጽሙት የጎንዶሮ ሥርዓት አለ። በአፈ ታሪካቸው ዳራሶና ጉጆ ወንድማማቾች ናቸው። ካቴኪስቶች ይህን እንደ ጥንታዊ ልማድ ብቻ አትመልከቱት፤ በምስጢረ ንስሐ ከምናስተምረው በደልን የመግለጥና የመካስ ትምህርት ጋር አገናኝታችሁ አስረዱ። በመጪው ዐቢይ ጾም የዮሐንስን ምዕራፍ 18 በየጸሎት ቤቱ አንብባችሁ፣ ምእመኑ «የእኔ ማልኮስ ማን ነው? ዘመዱስ ዛሬ የት ይኖራል?» ብሎ እንዲነጋገርበት አድርጉ። ከዚያ በኋላ በገበያ የሚያውቁትን አንድ የጉጂ ቤተሰብ ሄደው እንዲጠይቁ አበረታቱ። እኛ ካህናትም ከ2010 ዓ.ም. በፊት ይህን ልናስተምር ሲገባን ዘግይተናል።

ያ የወርቃው አባት ጥያቄውን ከጠየቀን በኋላ ሁለት ጊዜ ቅዳሴ ላይ አይተነዋል። ከላይ የጻፍነውን ሁሉ በቃል ነግረነዋል። ራሱን ነቅንቆ ዝም አለ። ባለቤቱ እንደ ነገረችን ጀንፈሉ እስከ አሁን አልተሸጠም፤ በጆንያ እንደ ታሰረ ከቤታቸው ጥግ ተቀምጧል።