ማጥቆርና መናገር

አንድ ሰው ቋንቋ ያውቃል የሚባለው መቼ ነው? ገበያ ወርዶ በርበሬ ተከራክሮ የገዛ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ያጽናና፣ ሲከፋውም የተሳደበበትን ቋንቋ ያውቃል፤ የምስክር ወረቀት የሚጠይቀው የለም። ትምህርት ቤት ግን ከአራት ፊደላት አንዱን አጥቁር ይላል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን የእንግሊዝኛ ፈተና እንውሰድ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቋንቋውን ከአንደኛ ክፍል አስጀመረው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ተማሪው የሚመዘነው አንዲት ቃል ከአፉ ሳይወጣ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በእጁ ሳይጽፍ ነው። ሌላው ያበጀውን መለየትና ራስ ማበጀት ደግሞ ለየቅል ናቸው። ቶፍል የሚባለው የአሜሪካኖች ፈተና እንኳ እ.ኤ.አ. በ1964 ተጀምሮ፣ መናገርን በዋናው ፈተና ውስጥ ያስገባው በ2005 ነው። በእነዚያ አርባ አንድ ዓመታት ጥሩ ውጤት ይዞ ሄዶ፣ ስልክ ሲጮህ ማንሳት የፈራ ስንቱ ይሆን?

የእኛው ቅኔ ቤት መንገዱ ሌላ ነው። ተማሪው ግዕዝ ማወቁን ለማሳየት ምርጫ አይቀርብለትም። ቀን ለብቻው ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያበጀውን ይነግራል፤ አገባቡ ቢፋለስ፣ ቤቱ ባይመታ እዚያው ይታረማል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ እንዲሁ ነው። የጓደኛን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። (እርግጥ ወርቁን በሰም የሚሸፍነው ሊቅ በግዕዝ ሻይ ለማዘዝ ይቸገር ይሆናል፤ እሱን ማንም አልጠየቀውም።)

እንግዲያው ሁሉን በቃል እንፈትን? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተቀመጡት ወደ 900 ሺሕ ይጠጉ ነበር። ይህን ሁሉ አንደበት ማን ያዳምጣል? ቢያዳምጥስ፣ ሰሚው ሰው ነው። ሰው የገጠሩን ልጅ አነጋገር ከከተሜው ይለያል፤ የማን ልጅ ነህ ይላል፤ አማላጅ ይላክበታል። ማሽን ግን ዘመድ የለውም። የገበሬውና የባለሥልጣኑ ልጅ ያጠቆሩት ክብ አንድ ነው። ማጥቆርን ከሚንቁት ጋር እስከ መጨረሻው የማልሄደው ስለዚህ ነው።

ያም ቢሆን ማሽኑ ሌባም አይለይም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በፌስቡክ ወጥቶ ፈተናው ተሰረዘ። የመልስ ፊደላት በአንድ ገጽ ይሰረቃሉ፤ አንደበት በገጽ አይሰረቅም። ስም ተሸፍኖ፣ ሁለት አራሚ ለየብቻ የሚያየው አንድ አንቀጽ እንኳ ቢጨመር፣ ወጪው ቢበዛም፣ ፍትሑ ሳይጎድል እውነቱ ትንሽ ይቀርብ ነበር።

እስከዚያው ግን ክፍሉ ዝም ብሏል። አንድ መምህር ተነሥቶ፣ «ዛሬ መጽሐፉን እንተውና በእንግሊዝኛ እንጨዋወት» ቢል፣ ከኋላ ወንበር የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፦ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» መምህሩ እውነቱን ከተናገረ መልሱ አይወጣም ነው፤ ልጆቹም ደብተራቸውን ይዘጋሉ።