እየተሸነፈ ላለው ምን ይገባናል?

የእግር ኳስ ውድድር ዘመን ወደ አጋማሹ ሲቃረብና የዝውውር ጊዜ ሲከፈት የደጋፊዎች ክርክር ይበረታል። ቡድናቸው በደረጃ ሠንጠረዡ ግርጌ የተቀመጠባቸው ሰዎች በሰበታ ቡና ቤቶች፣ በቡራዩ ታክሲ ሲጠብቁ፣ በሱሉልታ ከሥራ ሲመለሱ የሚነጋገሩት ይህንኑ ነው። ከፊሎቹ «እነዚህ አይረቡም፤ ይሰናበቱና ሌሎች ይምጡ» ሲሉ፣ ሌሎቹ «ከታች ያደጉት ልጆች ጊዜ ይሰጣቸው» ይላሉ። ነገሩ ተራ ወሬ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከባድ ጥያቄ አዝሏል። እየተሸነፈ ላለ ወገናችን ምን ዓይነት ታማኝነት ልናሳይ ይገባናል?

የሰበታ ደጋፊዎች ይህን ጥያቄ በኑሮ ያውቁታል። ሰበታ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ የተሳተፈበት የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይፈጸም ተሰረዘ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክለቦቹ ሁሉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ መጫወት ስለ ጀመሩ፣ ደጋፊው ቡድኑን በገዛ ከተማው ማየት ቀርቶበት በቴሌቪዥን ይከታተለው ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም ቡድኑ ከሊጉ ወረደ። ከሩቅ ሆኖ የሚሸነፍን ቡድን «የእኛ» ማለት ምን እንደ ሆነ ከእነዚህ ሰዎች የበለጠ የሚያስረዳን አይገኝም።

ለመሆኑ «የእኛ» የምንለው ምኑን ነው? ፕሉታርክ የተባለው የጥንት ጸሐፊ እንደ ተረከው፣ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ለማቆየት ያረጀውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ፈላስፎች «መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ?» እያሉ ይከራከሩበት ነበር። ቡድንም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ ይለወጣል፤ አሠልጣኙ ይሄዳል፤ መለያው እንኳ ይቀየራል። ጸንቶ የሚቆየው በሰዎች መካከል ያለው ትስስር ነው፤ ይኸውም ልጁን ይዞ ሜዳ የሚሄደው አባት፣ በየሰፈሩ ኳስ የሚያንከባልለው ታዳጊ፣ የትናንቱን ተጫዋች በስሙ የሚያስታውሰው ሽማግሌ ነው። እንግዲህ ሳንቃ መለወጡ ክፋት የለበትም። መርከቡ የሚጠፋው በስሙ የሚሰባሰቡት ሰዎች እርስ በርሳቸው መተሳሰብን ሲተዉ ነው።

ዝውውርን በጅምላ መኮነን አይገባም። በ1995 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጂጋዊው ተጫዋች በቦስማን ጉዳይ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ውሉን የፈጸመ ተጫዋች እንኳ ያለ ክለቡ ክፍያ ጥያቄ ወደ ሌላ ክለብ መሄድ አይችልም ነበር። ውሳኔው ግን በኅብረቱ አገሮች መካከል ይህን እገዳ አስቀረ። ሰው ዕቃ አይደለምና ይህ መልካም ነበር። በአገራችን ይድነቃቸው ተሰማ የተጫዋችነት ዘመናቸውን ሁሉ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሳለፋቸውን እናደንቃለን፤ ነገር ግን በፈቃድ የተሰጠን ታማኝነት፣ በደመወዙ ቤተሰብ ከሚያስተዳድር ወጣት እንደ ዕዳ ልንጠይቅ አንችልም። የሚሄደው ሁሉ ከሃዲ አይደለም፤ የሚያሰናብትም ሁሉ ጨካኝ አይደለም። መመርመር ያለበት የሚደረግበት መንገድ ነው።

በዚህ ረገድ የራሳችንን ጥፋት ብንናገር ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሰበካ የወጣቶችን ቡድን እንመራ ነበር። ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ስንሸነፍ፣ ከሌላ ሰፈር ሦስት ጎበዝ ልጆች አመጣንና ሦስተኛውን አሸነፍን፤ ሁላችንም ደስ አለን። ከወንበር ከተቀመጡት የእኛ ልጆች አንዱ ግን ከዚያ ወዲህ በልምምድም ሆነ በትምህርት አልታየም። ከብዙ ሳምንት በኋላ ቤቱ ሄድን። እናቱ ቡና አፍልተው አስተናገዱን፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ከቆየ በኋላ፣ «አባ፣ እኔ ደካማ መሆኔን አውቃለሁ። ያልቻልኩት ሳይነግሩኝ መቅረትዎን ነው» አለን። የምንመልሰው አልነበረንም። ልጁን የጎዳው መተካቱ አልነበረም፤ ስንተካው እንደ ሰው አለማየታችን ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን ተምረናል። በመጀመሪያ፣ የሚሰናበት ሰው እውነቱን ከኃላፊው አንደበት ሊሰማ ይገባዋል፤ ከወሬ መስማት የለበትም። ሁለተኛ፣ የሠራበት ደመወዝ ሳይከፈለው አዲስ ተጫዋች ማስፈረም፣ በአንዱ ላብ ሌላውን እንደ መግዛት ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ለታዳጊ ጊዜ መስጠት ማለት ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም። ፍሬ ስላጣችው በለስ በተነገረው ምሳሌ፣ አትክልተኛው አንድ ዓመት ሲለምን ዙሪያዋን ሊቆፍርና ፍግ ሊያደርግ ቃል ገብቶ ነው። ትዕግሥት ሥራ አለው፤ ሥራ የሌለው ትዕግሥት ቸልተኝነት ነው።

ስለዚህ ታማኝ ደጋፊ ዝም የሚል ደጋፊ አይደለም። ብዙዎቹ የአገራችን ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት፣ ማለትም በሕዝብ ገንዘብ ነው። ለ2012 ዓ.ም. ውድድር የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተወሰነውም የወጪው ነገር አሳሳቢ በመሆኑ ነበር። «ገንዘቡ የት ገባ? ለታዳጊዎቹስ ምን ተደረገ?» ብሎ መጠየቅ የፍቅር ግዴታ ነው። ያቀናውን ኳስ የሳተ የ19 ዓመት ወጣት በእናቱ ስም መስደብ ግን ከፍቅርም ከፍትሕም የራቀ ነው። የመጀመሪያው ቡድኑን ያንጻል፤ ሁለተኛው ሰውን ያፈርሳል።

ውድ አንባብያን፣ በተለይም ወጣቶችን የምታስተምሩ ካቴኪስቶች፣ ይህን ክርክር ከልጆቹ አፍ ስትሰሙ «ጨዋታ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሥራ ያጣ ባል፣ ፈተና የወደቀች ልጅ፣ ጉልበቱ የከዳው አረጋዊ በየቤታችን አሉ፤ እነርሱም በሠንጠረዡ ግርጌ ናቸው። ልጆቻችን ነገ ለእነዚህ የሚኖራቸው ፊት፣ ዛሬ ለተሸነፈው ቡድናቸው ከሚያሳዩት ፊት ብዙ የሚርቅ አይመስለንም። ያ ልጅ ከዓመት በኋላ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል፤ ወደ ሜዳው ግን አልተመለሰም።